የገምጋሚዋ ክንድ

ሬሳው የተገኘው የነርሲንግ ኮሌጁ እጅግ በሚኮራበት ክፍል ውስጥ ነው፤ የተግባር መለማመጃ ክፍል ይሉታል። አልጋዎቹ አዲስ ናቸው፣ አንሶላው ነጭ ነው፣ የመለማመጃ አሻንጉሊቶቹ ደግሞ የፋብሪካ ላስቲካቸው እንኳ አልተገፈፈም። የትምህርቱ መስፈርት «የተሟላ ክፍል ይኑር» ይላል እንጂ «ተማሪ ይግባበት» ስለማይል፣ ኮሌጁ ክፍሉን አሟልቶ ቆልፎት ኖሯል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ ነው። ያን ቀን ግን ከአሻንጉሊቶቹ መካከል እውነተኛ ሰው ተኝታ ነበር፤ ግሉኮስ ክንዷ ላይ እንደተሰካ፣ ሞታ።

ሟቿ የኮሌጁን ዕውቅና ለማደስ ወይም ለመንጠቅ የተላከች ገምጋሚ ናት። በየኮሌጁ «ወንፊት» ይሏታል። ሌሎች ገምጋሚዎች ወረቀት አገላብጠው፣ ሻይ ጠጥተው ይሄዳሉ። እሷ ጫማዋን ታወልቅና አልጋ ላይ ወጥታ እጅጌዋን ትሰበስባለች። «ወረቀቱ ይቆየን። አሁን ታማሚ ነኝ፤ ተቀበሉኝ» ትላለች። ተማሪ ትርታዋን ይለካል፣ የደም ግፊቷን ይለካል፣ ግሉኮስ ይሰካላታል። ያልሠለጠነ እጅ ስንቴ ወግቷት ክንዷ እንደጠቆረ የሚያውቅ ያውቃል። ከዚያ «በሉ ወደ ምሳችሁ» ብላ ሁሉንም ታሰናብትና ብቻዋን ትተኛለች። እውነተኛው ፈተና የሚጀምረው ያኔ ነው። ሳይነገረው ተመልሶ ታማሚውን የሚያይ ማን ነው? ብዙ ኮሌጅ የወደቀው በዚህ ነው።

በዚህ ኮሌጅ አንዲት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ተመለሰች። ፈተናውን ያለፈችው እሷ ብቻ ናት፤ የታሰረችውም እሷ ብቻ ናት።

ኢንስፔክተሩን አለቃው ያስጠራው ዶሴውን እንዲፈርም ብቻ ነበር። ኢንስፔክተሩ ቀጭን፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው፤ ከመናገር ይልቅ ማዳመጥ ስለሚቀናው ባልደረቦቹ «ጆሮ» ብለውታል። ሚስቱ ከመሞቷ በፊት ሁለት ዓመት አልጋ ላይ ውላ ነበርና ነርሶችን፣ ደጎቹንም ግዴለሾቹንም፣ አብጠርጥሮ ያውቃቸዋል።

«ፈርምና ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሂድ» አለ አለቃው። «ሐኪሙ ሞርፊን ነው ብሏል። በግሉኮሱ ቱቦ ገብቶ ትንፋሿን አቁሞታል።»

«መቼ?»

«ሬሳው ዘግይቶ ስለደረሰው ሰዓቱን እርግጠኛ አይደለም። ግን ምስክር አለን። ልጅቷ ‹ስደርስ ሞታለች› ትላለች። ወዲያው ተከትሏት የገባው መምህሯ ደግሞ ‹እኔ ስይዛት ትርታዋ ይመታ ነበር፣ እጄ ላይ ነው ያለፈችው› ይላል። ታዲያ መርዙን ልጅቷ ካልሰጠቻት ማን ሊሰጣት ነው? ሌላው ሰው ሁሉ ከምሳ ተነስቶ አዳራሽ ስብሰባ ገብቷል።»

«ለምን ትገድላታለች?»

«ኮሌጁ ቢዘጋ የአራት ዓመት ልፋቷ ገደል ገባ ማለት ነዋ!»

ኢንስፔክተሩ እስክሪብቶውን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። «እስቲ መጀመሪያ ልስማት» አለ።

በጣቢያው በር ላይ የልጅቷ እናት ቅያሪ ልብስ በፌስታል ይዛ ቆማለች። ዘበኞቹ እንድትቀመጥ ቢለምኗትም እምቢ ብላለች። «ልጄ ሳትቀመጥ እኔ አልቀመጥም» ትላቸዋለች። ልጅቷ ደግሞ ውስጥ፣ ወንበር ቢሰጧትም ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ነበር።

«ስትገቢ ምን አገኘሽ፣ ልጄ?»

«ቶሎ ልመለስ ነበር። ጋሼ፣ የኮሌጁ ባለቤት፣ ከምሳ በኋላ ‹ሁሉም አዳራሽ ይግባ› ስላለ ያዘኝ። ግሉኮሱ አልቆ አየር እንዳይገባባት ፈራሁና ከስብሰባው ሾልኬ ወጣሁ። መጋረጃው ተጋርዷል። ‹ልግባ?› ብል መልስ የለም። የአልጋው የጎን መከለያ ብረት ተነስቶ ስለነበር በላዩ እጄን አሳልፌ አንጓዋን ያዝኩ። ቀዝቅዛለች። ምንም የለም። ደገምኩ። አንገቷንም አየሁ። ከዚያ ጮህኩ።»

«ጠዋት ትተሻት ስትወጪ መከለያው ተነስቶ ነበር?»

«ኧረ አልነበረም። እግሯን አንጠልጥላ ተቀምጣ ታወራኝ ነበር። በአንዴ ስለሰካሁላት ‹እጅ አለሽ› አለችኝ።» ይህን ስትል እንባዋ መጣ።

«መምህርሽስ?»

«ቲቸር ከስብሰባው ስወጣ አይቶኝ ሊመልሰኝ እየተከተለኝ ነበር። ሲደርስ ‹ሞታለች› አልኩት። ‹ዞር በይ!› ብሎ ገፈተረኝና እጇን ይዞ ‹አለች! እየመታ ነው!› አለ። ኋላ ሁሉም ተሯሩጠው መጡ።» ከዚያ በጣም ቀስ ብላ፣ «እሱ መምህሬ ነው። ምናልባት ያልያዝኩት እኔ ብሆንስ? ነፍሷ እያለ ሞተች ብዬ ትቻት ቢሆንስ?» አለች።

«ትርታ መያዝ ማን አሳየሽ? እሱ ነው?»

«አይ። አክስቴን ሆስፒታል ሳስታምም አንዲት ነርስ ናት ያሳየችኝ።»

ሌላ ጥያቄ አልጠየቃትም።

የኮሌጁ ባለቤት ቢሮው በር ድረስ ወጥቶ ተቀበለው። ትምህርት ቤት ከመክፈቱ በፊት የቤት ክዳን ቆርቆሮ ይነግድ ነበር፤ ስለ ተማሪም ሲያወራ ስለ ቆርቆሮ እንደሚያወራ ነው።

«ኢንስፔክተር፣ መስፈርት የሚሉትን ሁሉ አሟልቻለሁ። አልጋ አሉኝ፣ አልጋ ገዛሁ። አሻንጉሊት አሉኝ፣ ከውጭ አስመጣሁ። ከዚህ በላይ በምን ልግደላቸው?» አለና ያለውን ሲሰማው ደነገጠ። «ማለቴ… የአፍ ወለምታ ነው።»

«በምሳ ሰዓት ማን የት ነበር?»

«እኔ ከወንበሬ ንቅንቅ አላልኩም። ቲቸርም ከጎኔ ነበር፤ ተማሪዎቹም ሁሉ ፊታችን እየበሉ ነበር። ዲናችን ሲስተር ብቻ ስልክ ይዟት ዘግይታ መጣች። እሷን እንኳ ተዋት። ከምሳ በኋላ ስብሰባውን የመራችው ራሷ ናት፤ ሴትየዋ ደግሞ ያኔ በሕይወት ነበረች። ቲቸር ይዟታል እኮ!»

መምህሩ ወጣት ነው፤ ጋውኑ በስታርች ደርቆ ይንኮሻኮሻል። ከዚሁ ኮሌጅ አንደኛ ወጥቶ ተመርቆ፣ በዚሁ ኮሌጅ የተግባር መምህር ሆኖ ቀርቷል።

«የሆስፒታል ልምምድዎን የት ወጡ?» አለው ኢንስፔክተሩ።

«በጊዜው ከሆስፒታል ጋር ውል ነበረን። ሥርዓተ ትምህርቱ የሚጠይቀው ሰዓት ሁሉ ተፈርሞልኛል።»

«ወጥተዋል ወይስ ተፈርሞልዎታል?»

መምህሩ ቀላ። «ኮሌጃችን የታወቀ ኮሌጅ ነው» አለ። ውሻ በበላበት ይጮኻል።

«ይሁን። ትርታዋን እንዴት እንደያዙ በኔ እጅ ያሳዩኝ።»

መምህሩ የኢንስፔክተሩን አንጓ አፈፍ አድርጎ አውራ ጣቱን ጫን አደረገበት፤ በሌላው እጁ ሰዓቱን እያየ ከንፈሩን ያንቀሳቅስ ጀመር። አያያዙ በራስ መተማመን የተሞላ ነበር። ኢንስፔክተሩ ያንን አውራ ጣት ትኩር ብሎ ተመለከተውና እጁን በቀስታ አስለቀቀ።

«ብዙ ተማሪ አስተምረዋል?»

«በሦስት ዓመት ውስጥ የተመረቀው ሁሉ በኔ እጅ ነው ያለፈው» አለ መምህሩ ኮራ ብሎ።

ኢንስፔክተሩ የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ጠቆረ።

በመጨረሻ ዲኗን መለማመጃ ክፍሉ ውስጥ አገኛት። በዕድሜ የገፋች፣ ጫማዋ ድምፅ የማያሰማ ሴት ናት። ከዲንነቷ በፊት ዕድሜዋን ሆስፒታል ውስጥ ጨርሳለች፤ ዛሬም ሁሉም የሚጠራት «ሲስተር» ብሎ ነው።

«ሟቿን ያውቋት ነበር?»

«አንድ ዋርድ ነው ያደግነው። ከመስኮቱ ወገን ያሉት አልጋዎች የሷ፣ ከበሩ ወገን ያሉት የኔ። ያመጣሁላትን ምሳ ትበላ ነበር፣ ያመጣችውን እበላ ነበር።»

«እንደ ወዳጅነታችሁ ታሳልፋችሁ ነበር?»

ሲስተር ፈገግ አለች፤ ፈገግታው ግን ዐይኗ ድረስ አልደረሰም። «ወንፊት ለወዳጅ ብሎ ቀዳዳውን አያሰፋም።»

ኢንስፔክተሩ አንሶላውን ለማየት በመከለያው ብረት ላይ ሲንጠራራ «ይቅርታ፣ ላውርድልዎት» አለችው። ወሬዋን ሳታቋርጥ፣ ብረቱንም ሳታይ፣ እጇን ከፍራሹ ሥር ሰዳ በጉልበቷ ገፋ አደረገችው፤ መከለያው ድምፅ ሳያሰማ ወረደ። ኢንስፔክተሩ አመሰገናት። እሷ ከወጣች በኋላ ብቻውን መልሶ ሊያነሳና ሊያወርደው ቢሞክር ግን ታገለ፣ ታገለ፣ በመጨረሻም ጣቱን ተላጠ።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰባቸው። ባለቤቱ፣ መምህሩና ሲስተር ተቀመጡ። ልጅቷ በካቴና፣ ከኋላዋም እናቷ ገቡ። ኢንስፔክተሩ ሟቿ በነበረችበት አልጋ ላይ አንዷን አሻንጉሊት አስተኝቶ፣ አንሶላ አልብሶ፣ የጎን መከለያውን እንደምንም አንስቶታል።

«ይሄ ቲያትር ምን ያደርግልናል?» አለ ባለቤቱ። «እጅ ከፍንጅ የተያዘች ልጅ እያለች!»

«እስኪ እንየው። ቲቸር፣ እባክዎን ይምጡ። የዚህችን ትርታ ይያዙልኝ።»

መምህሩ ሳቀ። «ላስቲክ እኮ ናት።»

«አውቃለሁ። ሟቿን እንደያዟት አድርገው ይያዟት። ዐይንዎን ጨፍነው።»

መምህሩ መከለያውን ሊያወርድ አንዴ ነካ አደረገና ትቶ፣ በላዩ ተጎንብሶ የአሻንጉሊቷን አንጓ ያዘ። አውራ ጣቱን ጫን አደረገ። ጥቂት እንደቆየ ከፊቱ ላይ ሳቁ ጠፋ።

«ምን ተሰማዎት?»

መምህሩ ዐይኑን ገልጦ ኢንስፔክተሩን አየው።

«ቲቸር፣ እኔን ሳይሆን ጣትዎን ይስሙና ይንገሩን።»

«ይ… ይመታል» አለ መምህሩ።

ልጅቷ በታሰሩ እጆቿ አፏን ያዘች።

«እንግዲህ አሻንጉሊቷም በሕይወት አለች» አለ ኢንስፔክተሩ። «አውራ ጣት የራሱ ትርታ አለው። ለዚህ ነው የሰው ትርታ በሌባ ጣትና በመሀል ጣት የሚያዘው። ይህንን እኔ ያወቅሁት ሚስቴን ሳስታምም ነው፤ አንድ ቀን ዋርድ የዋለ ተማሪ ያውቀዋል። እርስዎ እየሮጡ ደረሱ፤ ልብዎ እየዘለለ ነበር፤ የሬሳ እጅ ይዘው የራስዎን ልብ ቆጠሩ። አልዋሹም። ያሳየዎት ሰው ግን የለም።»

መምህሩ አውራ ጣቱን የሌላ ሰው ጣት እንደሆነ ሁሉ እያየ ወንበሩ ላይ ተዘፈዘፈ። «እኔ ደግሞ ሁሉንም እንዲህ ነው ያሳየኋቸው» አለ ለራሱ። ያሳያቸው ልጆች በየሆስፒታሉ ተበትነው በዚያች ሰዓት ሥራ ላይ ነበሩ። ይህ ያላስፈራው ሰው ታሞ አያውቅም።

«ስለዚህ» ቀጠለ ኢንስፔክተሩ፣ «እውነቱን የተናገረችው ተማሪዋ ናት። እሷ ስትደርስ ሴትየዋ ሞታ ቀዝቅዛለች። መርፌው የተሰጣት በስብሰባው ሳይሆን በምሳ ሰዓት ነው። በምሳ ሰዓት ከጠረጴዛ የጠፋ ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ነው።»

የሁሉም ዐይን ሲስተር ላይ አረፈ።

«ስልክ ይዟት ነው አልኩህ እኮ!» አለ ባለቤቱ።

«መዘግየት ብቻውን ወንጀል አይሆንም። ወደ መከለያው እንምጣ። ገምጋሚዋ ነቅታ፣ እግሯን አንጠልጥላ ስታወራ መከለያው ወርዶ ነበር። ስትሞት ግን ተነስቶ ተገኘ። ልጄ፣ መከለያ የሚነሳው ለምን ዓይነት ታማሚ ነው?»

«ራሱን ለማያውቅ» አለች ልጅቷ። «የሚያደነዝዝ ነገር ለተሰጠው። እንዳይወድቅ። መጽሐፉ ላይ አለ።»

«እስቲ አውርጂው።»

ካቴናዋ ተፈታ። ገፋች፣ ሳበች፣ አልሆነላትም። መምህሩ ሞከረ፤ ብረቱ ተንጫጫ እንጂ አልወረደም። ባለቤቱም በንዴት ተነስቶ እንደ ሱቅ መዝጊያ ነቀነቀው። በገዛ ገንዘቡ የገዛው አልጋ እምቢ አለው።

«በዚህ ግቢ እነዚህን አልጋዎች የነካ ሰው የለም» አለ ኢንስፔክተሩ። «ሲስተር፣ እርስዎ ትናንት ለኔ ብለው በጉልበትዎ አወረዱት። አላዩትም እንኳ።»

«አልጋ ማወቅ ወንጀል ሆነ?» አለች ሲስተር።

«አልሆነም። በነርሶች ኮሌጅ ውስጥ አልጋ የሚያውቅ ሰው አንድ ብቻ መሆኑ ነው ወንጀሉ። ሞርፊን የሰጠ ባለሙያ መከለያ ሳያነሳ አይሄድም። ነፍሰ ገዳይ ቢሆን እንኳ እጁ አይተወውም። ትናንት ማታ ስለርስዎ ጠየቅን፤ እናትዎን ቤትዎ ውስጥ አስታመው ነው የቀበሩት፤ የሥቃይ ማስታገሻቸው ሞርፊን ነበር። የተረፈውን ሣጥን ዛሬ ጠዋት ወንድምዎ ከፍቶ አሳየን። የጎደለው የት እንደገባ እሱ አያውቅም።»

ሲስተር እጆቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ ተመለከተቻቸው።

«ማንሳቴን አላስታውስም» አለች። «እጄ ነው ያነሳው።»

«ሲስተር!» አለ ባለቤቱ።

«ዝም በል አንተ! ካንተ ጋር የተቀመጥኩበት ቀን ይረገም!» ድምፅዋ ተሰበረ። «መጀመሪያ ለመንኳት። በእናቴ ነፍስ ለመንኳት። ‹ባለሀብቱ ነጋዴ ነው፣ መምህሩም የሚያስተምረው አጥቶ ነው፤ አንቺ ግን ታውቂ ነበር› አለችኝ። ‹ሳይሠሩ ሠርተዋል ብለሽ የፈረምሽው አንቺ ነሽ። የሙያ ፈቃድሽን አስነጥቃለሁ› አለችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ያነሳሁበትን ፈቃድ! እኔ ሌላ ምን አለኝ?»

«ከዚያስ?»

«‹ግሉኮሱ ቆሟል፣ ላስተካክልልሽ› አልኳት። ‹አንቺ ከሆንሽማ አስተካክዪው› ብላ ክንዷን ሰጠችኝ። ዞር ብላ እንኳ አላየችኝም። ከሁላችሁ እጅ የምታምነው የኔን ነበር።»

ሞርፊኑን ከቤቷ ይዛ መምጣቷን ማንም አላነሳባትም፤ ራሷም አላነሳችውም። ተለማምጣ ካልሆነላት የምታደርገውን አውቃ ነው የመጣችው።

ልጅቷ ግን ወደ ፊት ራመድ አለች። «ሲስተር፣ እኔ ስጮህ ተሯሩጠው ከመጡት አንዷ እርስዎ ነበሩ። ቲቸር ‹እየመታ ነው› ሲል አጠገቡ ቆመው ነበር። እጇን ነክተዋታል። ቀዝቃዛ እንደነበረች ያውቁ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«እኔን ሲወስዱኝስ?»

ሲስተር አንገቷን ደፋች። መምህሩ ሳይማር ተማረ ብላ የፈረመችው ፊርማ እሷን ለጊዜው ከለላት፤ የተማረችዋን ልጅ ደግሞ አሳሰረ። ሲስተር ያን ቀን ያደረገችው ነገር ሁሉ ቢረሳ፣ ልጅቷ ስትታሰር ዝም ማለቷ ይቅር የሚባል አይደለም።

ልጅቷ በዚያው ቀን ተፈታች። በሳምንቱ ግን ኮሌጁ ታሸገ፤ በሩ ላይም ገምጋሚዋን የላከው መሥሪያ ቤት ውሳኔ ተለጠፈ። የተማሪዎቹ ትምህርት የሆስፒታል ልምምድ የሌለበት ስለሆነ አይቆጠርም፤ ነርስ መሆን የሚፈልግ ሌላ ኮሌጅ ገብቶ ከአንደኛ ዓመት ይጀምር ይላል። ግቢው በወላጅ ጩኸት ተናወጠ። የልጅቷ እናት ከሁሉ በላይ ጮኸች።

ኢንስፔክተሩ የመጨረሻ ወረቀቶች ሊያስፈርም መጥቶ ነበርና እጁን ያዘችው። «ጌታዬ፣ እርስዎ ሰው ነዎት፤ ይንገሩልኝ! የኔ ልጅ ምን አጠፋች? ሌሎቹ ባያውቁ እሷ ታውቃለች። እርስዎው ራስዎ አይተዋል! አራት ዓመት እኮ ነው! እንዲህ ያለ ግፍ የት አገር አለ?»

ኢንስፔክተሩ የሚያውቀው ሰው እንዳለ፣ ሄዶ ሊነግርላት እንደሚችል ሊናገር አፉን ከፈተ። ልጅቷ ቀደመችው።

«አይንገሩልኝ» አለች።

«ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ?» አለች እናቷ።

«እማዬ፣ እኔ አንድ ነገር ነው በትክክል የያዝኩት። እሱንም ሲጮሁብኝ ተጠራጠርኩት። ነገ ሆስፒታል ገብቼ የሰው እናት ሲሰጡኝ ምን ላደርጋት ነው?» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ገምጋሚዋ እኮ ልክ ነበረች።»

እናትየው ልጇን አየቻት፣ የተለጠፈውንም ወረቀት አየችው። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ መንገዱ ወጣች፤ ልጅቷም ተከተለቻት።